ያውቁ ኖሯል? አዲስ ንቅሳትና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የንቅሳት ማሽን መርፌ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቆዳን እስከ 3,000 ጊዜ ሊወጋ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የአንድ ሰዓት ሥራ ስንት ሺህ ቀዳዳ እንደሚሆን ያስቡት። ከወንበሩ ሲነሡ ክንድዎ ላይ ያለው ነገር ለዓይን ሥዕል ቢመስልም ለሰውነትዎ ግን ሰፊ ቁስል ነው። ነቃሹ ጨርሶ ጓንቱን ሲያወልቅ የእርስዎ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ከዚህ በኋላ ባሉት ቀናት ነው።

ቀለሙ የሚያርፈው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። የላይኛው ሽፋን በየወሩ ገደማ ስለሚታደስ ቀለሙ እዚያ ቢቀር ኖሮ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቀለም የያዘ ስስ ቆዳ እየተላጠ ሲወድቅ “ንቅሳቴ ሊለቅ ነው” ብለው አይደንግጡ። የሚረግፈው የላዩ ብቻ ነው።

ቀለሙን ዕድሜ ልክ ይዞ የሚያቆየውስ ማን ይመስልዎታል? ከበሽታ የሚከላከሉልዎት ሴሎች ናቸው። ቀለም ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉት ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ደርሰው ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙትና በአይጥ ጭራ ላይ ባካሄዱት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቀለም የያዘው ሴል ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አዲስ የመጣው ሴል መልሶ ይውጠዋል። ከፊሉ ቀለም ደግሞ ተጉዞ የብብት ወይም የብሽሽት ዕጢ ውስጥ ይቀመጣል። ወደፊት የጡት ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ዕጢው ጠቁሮ ሲታይ ሐኪሙ በሌላ በሽታ እንዳይጠረጥረው ንቅሳት እንዳለዎት አስቀድመው ይንገሩት።

ንቅሳት ጥንታዊ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ከበረዶ ውስጥ የወጣው “ኦትዚ” የተባለው ሰው 5,300 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን በገላው ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሮበታል። ከጎረቤታችን ከሱዳን የተገኘች፣ ከ1,300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረች ክርስቲያን ሴት ደግሞ በጭኗ ላይ የመልአኩን የሚካኤልን ስም ተነቅሳለች። አስከሬኗ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል።

በእኛም አገር አያቶቻችን አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ድዳቸውን ተነቅሰዋል። መሣሪያው እሾህ ወይም መርፌ፣ ቀለሙ ጥላሸት ነበር። ውበቱን አሁንም በገጠርም በከተማም በእናቶች አንገት ላይ እናየዋለን፤ እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። አደጋው የነበረው አንድ መርፌ ለብዙ ልጃገረዶች ሲዳረስ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል፤ መርፌውን በውሃ ለቅለቅ ማድረግም ሆነ በጨርቅ መጥረግ አይገድለውም። ለእያንዳንዱ ሰው ከታሸገበት በፊቱ የሚከፈት አዲስ መርፌ ያስፈልጋል። ሲከፈት ካላዩ ይጠይቁ፤ ካላሳዩዎት ተነሥተው ይሂዱ።

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ከዚያ በፊት ከተወለዱ ምናልባት አልተከተቡም ማለት ነው። ለመነቀስ ካሰቡ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ስለዚህ ክትባትና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

በጾም ቀን ሳይበሉ ለመነቀስ አይሂዱ። ባዶ ሆድ፣ ሕመምና ፍርሃት ሲደመሩ ራስን መሳት ይመጣል። ከዋዜማው ጀምሮ አልኮልና አስፕሪን ደም ስለሚያፈሱ ይተዉአቸው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪኑን ሐኪም ለልብዎ ያዘዘልዎ ከሆነ ግን በራስዎ አያቁሙ፤ ሐኪሙን ያማክሩ።

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ።

በመጀመሪያው ቀን ከንቅሳቱ ላይ ውሃ የመሰለ እዥ፣ ጥቂት ደምና ትርፍ ቀለም ይወጣል። ነቃሹ ግልጽና ቆዳ ላይ የሚጣበቅ የሕክምና ሽፋን ለጥፎልዎት ከሆነ ከሥሩ ጥቁር ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ለማየት ያስፈራል እንጂ የተለመደ ነገር ነው። ሽፋኑ ጠርዙ ካልተነሣና ፈሳሹ ካላመለጠ እንደ ነቃሹ መመሪያ ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አየር ስለማያሳልፍ ላቡን አፍኖ ይይዛል። ከጥቂት ሰዓት በላይ አያቆዩት፣ ተጠቅልለውበትም አይተኙ።

እጅዎን ሳይታጠቡ ንቅሳቱን መንካት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ጀርም የሚገባው ከነቃሹ መርፌ ብቻ ሳይሆን ስልክ፣ ብርና የታክሲ በር ሲነካ ከዋለው ከባለቤቱ ጣትም ነው። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በመዳፍ ቀስ እያሉ እዡን ማጠብ ነው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል። ስፖንጅና የገላ መፈተጊያ አይንካው። ሲጨርሱ በንጹሕ ሶፍት እየጫኑ ያድርቁት እንጂ አይሹት። ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቀምበት ፎጣም ለዚህ አይሆንም።

ውሃው ከሮቶ የሚቀዳ ከሆነና ሮቶው ከታጠበ ከቆየ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማጠቢያውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ አይከብድም። ለመጠጥ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለክፍት ቁስልም ማድረግ ተገቢ ነው።

“ቁስል አየር ያግኘው፣ ይድረቅ” ሲባል ሰምተው አድገዋል? ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። የዛሬው የቁስል ሕክምና ከዚያ ግኝት የተነሣ ነው። ለንቅሳትም እንዲሁ ነው፦ ደርቆ የተሰነጠቀ ቅርፊት ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፤ ባዶ ነጥቦችም ይቀራሉ።

እርጥበት ማለት ግን ቅባት መለሰን ማለት አይደለም። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ሽታ የሌለው ቅባት ጣት ላይ ትንሽ ወስዶ በስሱ መቀባት፣ ትርፉን በሶፍት ማንሣት ነው። ንቅሳቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በዝቷል። ቫዝሊን በወፍራሙ የሚለስኑ ሰዎች ቁስሉን ያፍኑታል። ቅርፊቱ ራሶ ይላላል፣ በዙሪያውም ብጉር ይወጣል።

በየቤቱ የሚታዘዙትን መድኃኒቶች በተመለከተ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የሚመክሩን የሚወዱን ሰዎች ናቸው። የተፈጨ ቡና ደም ያቆማል ተብሎ ቁስል ላይ ይነሰነሳል። አዲስ ንቅሳት ላይ ግን ብናኙ በየቀዳዳው ገብቶ ይቀራል፣ ጀርምም ይዞ ይገባል። ቅቤም ከማጀት የመጣ ነው፤ ለፀጉር ድንቅ ቢሆንም ለክፍት ቁስል አይሆንም። ማርስ? ማር በእርግጥ በሆስፒታል ለቁስል ይውላል፤ ያ ማር ግን በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው። የገበያው ማር የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። የፀረ ተሕዋስያን ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን መነስነስም ቁስሉን ያበሳጫል እንጂ ኢንፌክሽን አይከላከልም። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም በየቀኑ ሲደረጉ አዲስ የሚበቅለውን ቆዳ ይገድላሉ።

ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዙት ቱቦ ክሬሞችም ይጠንቀቁ። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ስም ካዩ ስቴሮይድ ነው፤ ማሳከኩን ቢያበርደውም የቁስሉን መዳን ያዘገያል፣ ኢንፌክሽንንም ይሸፍናል። ኒዮማይሲን ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ አለርጂ ያስነሣሉ።

ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ማሳከክ ይመጣል። ትዕግሥት የሚፈተነው ያኔ ነው። በንጹሕ መዳፍ ቀስ አድርጎ መጫን ወይም በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ማስጠጋት ይረዳል። በጥፍር መፋቅና ቅርፊቱን መላጥ ግን በእኛ ቆዳ ላይ ዋጋው ይብሳል። ጠቆር ያለ ቆዳ በተጎዳ ቁጥር ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጥላ ይተዋል። ኪሎይድ የሚባለው ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳም በጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ጆሮዎን ተበስተው፣ ተከትበው ወይም በብጉር ምክንያት ያበጠ ጠባሳ ቀርቶብዎት ከሆነ፣ ወይም እናትና አባትዎ ካላቸው፣ ንቅሳትን ደግመው ያስቡበት። በተለይ ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ክንድ ለኪሎይድ ይመቻሉ።

መዋኘት የሚፈቀደው መቼ ነው? ቅርፊቱ ሁሉ ወድቆ ቆዳው ሲዘጋ፣ ማለትም ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ገንዳ፣ ሐይቅና ፍል ውሃ ይቅር። ገላን ቶሎ ታጥቦ መውጣት ይቻላል፤ መዘፍዘፍ ነው የማይቻለው። የሶደሬና የወንዶ ገነት ጉዞ ታቅዶ ከሆነ ንቅሳቱን ከጉዞው መልስ ያድርጉት።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ላይ እንደተዘገበው፣ እግሩን የተነቀሰ የ31 ዓመት ሰው ከ5 ቀን በኋላ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዋኘ። ሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ የሚኖር ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የተባለ ባክቴሪያ በንቅሳቱ በኩል ገባበትና ሰውየው ከ2 ወር ገደማ የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ሞተ። ሰውየው ቀድሞውንም የጉበት ሕመምተኛ ነበር። ጉበታቸውን ለሚያማቸው፣ ስኳር ላለባቸውና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ንቅሳት ያለ ሐኪም ምክር የሚደረግ ነገር አይደለም።

ኢየሩሳሌምን ለሚሳለሙ ወገኖች ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። በአሮጌው ከተማ የሚገኘው የራዙክ ቤተሰብ የንቅሳት ሙያን ከግብፅ ይዞ መጥቶ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳላሚዎችን ሲነቅስ ኖሯል፤ በእንጨት የተቀረጹ ጥንታዊ ማኅተሞቹ ዛሬም አሉ። ግብፃውያን፣ አርመኖች፣ ኢትዮጵያውያንም መስቀሉን በክንዳቸው ይዘው ይመለሳሉ። ነገር ግን የጉዞው መርሐ ግብር ዮርዳኖስ ወንዝ መግባትንና ሙት ባሕርን ማየትን ስለሚጨምር፣ መነቀሱ ከእነዚህ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይሁን። የወንዝ ውሃ ለክፍት ቁስል አደጋ ነው፤ የሙት ባሕር ጨውም ከተራው የባሕር ውሃ 9 ወይም 10 እጥፍ ገደማ ነው።

ፀሐይ የንቅሳት ጠላት መሆኗን ብዙዎች ሰምተዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ምን ያህል እንደምትበረታ ያውቁ ኖሯል? በየ1,000 ሜትር ከፍታው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ማለት አይደለም። ቁስሉ እስኪዘጋ የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይቀባም፤ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ወይም ነጠላ ይበቃል። ከዳነ በኋላ ግን የመከላከያ መለኪያው (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ሁልጊዜ ይቀቡ።

ቅንድብ የተነቀሱ እህቶች፣ የእናንተም ቁስል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚገባው በላይ የጠቆረ ይመስላል፣ ቅርፊቱ ሲወድቅ ደግሞ የጠፋ ይመስላል፣ ከሳምንታት በኋላ ትክክለኛው ቀለም ይመለሳል። እስኪድን ኩልና ሜካፕ አይንካው። እርማት የሚያስፈልገው ንቅሳት ካለም ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቅ።

በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያላችሁ ደግሞ፣ “ጥቁር ሂና” የሚባለው እውነተኛ ሂና አለመሆኑን እወቁ። የተፈጥሮ ሂና ቡናማ ቀይ ነው። የጠቆረውና በደቂቃዎች የሚይዘው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የሆነው ፒፒዲ የተጨመረበት ነው። ቆዳን እንደ ቃጠሎ ያቆስላል፤ አንዴ አለርጂ ካስነሣ በኋላ ዕድሜ ልክ የፀጉር ቀለም መቀባት ሊያስቸግር ይችላል።

መርፌው አዲስ ሆኖ ቀለሙ ራሱ ቢበከልስ? እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ 19 ሰዎች በአንድ ነቃሽ ከተነቀሱ በኋላ ንቅሳታቸው ላይ የማይለቅ ሽፍታ ወጣባቸው። ሲመረመር ገና ያልተከፈተ የግራጫ ቀለም ጠርሙስ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ተገኘ። ነቃሹ ንጽሕናውን የጠበቀ ነበር፤ ጥፋቱ ከአምራቹ ነበር። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ በትናንሽ እብጠቶች ይጀምራል፣ በተለመዱት ፀረ ተሕዋስያንም አይድንም። ነቃሽዎ ቀለም የሚያቀጥን ከሆነ ከጀርም በጸዳ ውሃ ብቻ መሆኑን ይጠይቁ፤ የቧንቧም የተጣራም የመጠጥ ውሃ አይበቃም።

የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን ከንቅሳት ቀለም ውስጥ ከልክሏል ወይም ገድቧል። አለርጂ በማስነሣት የታወቀው ቀይ ቀለም ነው፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊያሳክክና ሊያብጥ ይችላል።

ደም ለጋሽ ከሆኑ ለደም ባንኩ መነቀስዎን ይንገሩ። በብሪታንያ ከንቅሳት በኋላ 4 ወር ይጠበቃል። በአሜሪካም የንቅሳት ቤቶችን በማይቆጣጠሩ ግዛቶች የተነቀሰ ሰው 3 ወር ይጠብቃል።

ተነቅሰው የተጸጸቱም አሉ። ወደ እስራኤል ከገቡ የቤተ እስራኤል ሴቶች መካከል በግንባራቸው የነበረውን የመስቀል ንቅሳት በሌዘር ያስነሡ ይገኛሉ። ሌዘርም ቁስል ይፈጥራል፣ እንክብካቤውም ይህንኑ ይመስላል። ብዙ ዙር ስለሚጠይቅና ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማው የሌዘር ዓይነት ስለሚለይ ወደ ቆዳ ሐኪም እንጂ ወደ ውበት ሳሎን አይሂዱ።

በመጨረሻ በጣም የምለምነው ነገር አለ። የውጭ መጻሕፍት “ቆዳው ከቀላ ሐኪም ጋ ይሂዱ” ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላት ላይታይ ይችላል። በእጅዎ ጀርባ ዳሰስ አድርገው ሙቀቱን ከሌላው ቆዳ ጋር ያነጻጽሩ። ሕመሙ ከ3ኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ እብጠቱ ከሰፋ፣ ቆዳው ከጠነከረ፣ ሽታ ያለው መግል ከወጣ ወይም የብብት ዕጢ ካበጠ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም ከንቅሳቱ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጓዝ መስመር ካዩ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወላጅ እንዳያይ፣ የነፍስ አባት እንዳይሰማ ብለው የተመረዘ ቁስል በረጅም እጅጌ ሸፍነው የሚሰነብቱ ወጣቶች አሉ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ለሐኪሙ መቼ፣ የትና በምን ቀለም እንደተነቀሳችሁ፣ ምን እንደተቀባችሁበትም ንገሩት፤ ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ይህ ያስፈልገዋል።